ሞዴል አሥራ ዘጠኝ

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ጄኔሬተሩ ቆመ፤
ሰባት ዓመት ሙሉ ጆሯችን ለምዶት የከረመ።
ጩኸቱ አይደለም፥ ዝምታው ነው ያነቃን፤
ውዴነሽ ጋቢዋን ሳበች፦
«እኛም እንግዲህ አበቃን።»

ወሬውማ ከመስከረም ጀምሮ በአዘዞ ገበያ ነበር፦
ከባሕር ወዲያ አለቆቹ ታርቀዋል አሉ፤
የትናንቱ ጠላት ወደብ ሰጠ፥
የትናንቱ ወዳጅ ኩርፍ አለ፤
ካርታ ላይ አንድ ጣት ተንሸራተተ፥
አንቴናው ከእኛ ጉብታ ተነቀለ።

እኔ አዛናው፥ የግምጃ ቤት ሰው፥
ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስረከብ ዋልሁ።
የብረት አልጋ፥ ሁለት መቶ አርባ፤
ፍራሽ፥ ሁለት መቶ አሥር።
(ሠላሳው የት ገባ?)
ማቀዝቀዣ፥ ስድስት፤ አንዱ ከነሽታው።
እሾህ ሽቦ፥ በጥቅል።
ውሻ፥ አንድ፤
በእነርሱ ቋንቋ ካልጠሩት ዞሮ የማያይ።

ያስረከበኝ መቶ አለቃ፥ ጢሙ ገና ያልጠና፥
በቁሙ ፈረመ፤
«ወዳጅነታችን ይቀጥላል» አለኝ፥
አስተርጓሚው ተረጎመ።
«ፍራሽ ጎድሏል» አልሁት።
አስተርጓሚው ጫማውን አየ።

አባቴ ግንበኛ ነበር፥
የፒያሳን ግድግዳ ሲለጥፍ የኖረ።
«ከተማ ትላላችሁ» ይል ነበር፥ ማንካውን እየጠረገ፥
«ከተማ ማለት የሰፈረ ጦር ነው፤
ነገሥታቱ ክረምት የከተሙበትን
ጥቅምት ሲጠባ ነቅለው ይሄዱ ነበር፤
እዚህ ብቻ ኖራ አቡክተው፥ ድንጋይ አቁመው ቢቀሩ፥
ጎንደር ተባለ ሰፈሩ።
ጣልያንም መጣ፤ ሲኒማውን ቀባ፥ ፖስታ ቤቱን ቀባ፤
ቀለሙ ሳይደርቅ፥ እጁን አንሥቶ ወጣ።»
እንዲህ ብሎ ይስቅና
የጣልያኑን ስንጥቅ በእኛ ሲሚንቶ ይደፍን ነበር።

ኮንቮዩ በመተማ መንገድ ወረደ፤
አቧራው እስከ ቀትር አየር ላይ ቆየ።
ልጆች የሄሊኮፕተሩን ክብ ሜዳ
ወዲያው በኳስ ያዙት፤
መሐሉ ላይ ያለው ነጭ ምልክት
ለፍጹም ቅጣት ምት ልክ ነው አሉ።

ውዴነሽ የመጨረሻውን እጥበት ገመድ ላይ አገኘችው፦
አሥራ አንድ ሸሚዝ፥ ባለቤት የሌለው፤
ሒሳቡም ያልተከፈለ።
እጅጌአቸው በነፋስ ይወዛወዛል፤
ይሰናበቱ ይሁን እጅ ይስጡ እንጃ።

ማምሻውን ያ ውሻ በራችን ላይ ተኝቷል።
እኔ «ና» ብለው ጆሮውን አላነሣ።
እርሷ ግን ልብስ ስትወስድ ስትመልስ
ከአጥሩ ሥር የለቀመቻት አንዲት ቃል ነበረቻት፤
ጠራችው። ጅራቱን ቆላ፥ ገባ።

ቃሏ «ና» ትሁን «ሂድ»
እስከ ዛሬ አናውቅም።