የሐምሌ ሠርግ

«ምነው ጥር ቢጠበቅ?» አሉኝ አለቃ ይኄይስ፣
ከደጃፌ ቆመው ጭቃቸውን ሲያብሱ በድንጋይ ራስ።
ታንጉትን ያጨው መምህር ቡለን ነው የሚሠራ፤
እረፍቱ ክረምት ነው፤ ምን ልሟገት ከሱ ጋራ?
ከሐምሌ አምስት ወዲያ፣ ከፍልሰታ ወዲህ፣
ረቡዕና ዓርብ ሲወጡ፣ የቀረን ቀን ይኸው ይህ።

ለዳሱ ሁለት ሸራ ከደንበጫ ተከራየን፤
ቦይ አስቆፈርን ዙሪያውን፣ ጎርፍ ሳይጠሩት መጥቶ ከማዕድ እንዳያየን።
ብቅሉን ፀሐይ ቢነሳው ምድጃ ዳር አሰጣነው፤
ጠላው ጭስ ጭስ ቢል ሐምሌን ነው የምናማው።
ሚዜዎቹ ቦቲ ይጫሙ፣ ሙሽራውም ጭምር፤
ነጭ ጫማው በፌስታል፣ ደጅ ሲደርስ ይቀየር።

ሁሉን አሰብኩ፣ ቆጠርኩ፣ ለወንድሟ ለአንሙት ነገርኩ፤
አንዲቱን ግን ከሁሉም፣ ከታንጉትም ሸሸግኩ።

የሙሽራው ቤት ማዶ ነው፤ ከመካከል ተምጫ አለ፣
አምና በቅሎ የወሰደ፣ ሲዘንብ ሰው አላሻግር ያለ።

ሙላ እንግዲህ፣ ተምጫ፤
ሰው ሳትነካ ሙላ፤
ጥር ቢሆን በጠጠርህ ይዘዋት ያልፉ ነበር፣ ምሳ እንደተበላ።
አንድ ሌሊት ብቻ፣ እንሶስላዋ ሳይለቅ፣
እኔ ጋ ትደር።
ሲነጋ አንተ ትጎድላለህ፤ እኔም አውቃለሁ መልቀቅ።