ሞላ

ቤሌም ከሰዓት ነው፤ ዝናቡ ሊመጣ፣
ኦስማሪኖ በቀስታ ከጀልባው ሲወጣ፣
ማጉያውን በጋሪ፣ በሸራ ጠቅልሎ፣
ከሱቄ በር ቆመ «ኒልዜቴ!» ብሎ።

«ጊታሬ ደህና ነው፣ ክሩም አልላላ፤
ድምፁም ይወጣል፣ ግን የለውም ኋላ።
ጣቴን ሳነሳ ቀጥ፣ ድርቅ ይልብኛል፤
ግድግዳ ሥር ቆሜ የማወራ ይመስለኛል።»

የጀርባውን ሳንቃ ከአራት ብሎን ፈታሁ፤
ከወለሉ ጠባብ ቆርቆሮ አወጣሁ፣
ክንድ የማይሞላ።
ሁለት ቀጭን ሞላ ከጫፍ እስከ ጫፉ
ተወጥረው ኖረው፣ ዝገት ሲበላቸው ካንገት ረገፉ።

ድምፅ በዚህ ገብቶ፣ ሽቦውን ተጉዞ፣
ደርሶ ሲመለስ ነው የሩቅ ለዛ ይዞ
የሚወጣ። ምን ይደረግ? ሜዳ ነው ቤሌም፤
ማሚቶ በሣጥን ካልመጣ የለም።

ሌላም ሣጥን ይዟል፣ ዣንደር ያዘዘለት፣
የእህቱ ልጅ፣ መልክ አይቶ፣ ከሳኦ ፓውሎ ያስመጣለት።
ቁመቱ ልክ ነበር፣ ብሎኑም ገጠመ፤
ሲከፍቱት እንደ ዝንብ ትንሽ አጉረመረመ።
«ያው ነው'ኮ» ይላል ዣንደር፣ ሁለቱን ደርድሮ፣
«ያው ሞላ፣ ያው ርዝመት፣ ያው ባዶ ቆርቆሮ።»

በቁመት አይዳርም።
መለኪያዬን አምጥቼ፣ ቀይና ጥቁር ጫፉን
አስነከስኩት መጀመሪያ የአሮጌውን አፉን፦
አንድ ኦም አይሞላ።
የአዲሱን ለካሁት፦ ሃምሳ ስምንት።

«አየህ፣ ቆሞ አንድ ያልሞላው ሲሮጥ ስምንት ነው፤
ቆሞ ሃምሳ ስምንት፣ ሲሮጥ ስድስት መቶ ነው።
ይህ ማጉያ የሚሰጠው ለሰፊ በር ነው፤
በመርፌ ቀዳዳ ማን ያሳልፈው?»
ዣንደር ዝም አለ። አዲሱን ሞላ በጣቱ ነካ፤
ተንቀጠቀጠ፣ የሚናገረው እያለ።

ዝናቡ ወረደ፤ ጣራው ተደለቀ።
ከላይ መደርደሪያ ጋዜጣ የለበሱ
ሁለት ሣጥኖች አሉኝ፣ አቧራ የቀመሱ፦
አንዱን ከኢኮራሲ፣ ከጸሎት ቤት ኦርጋን ፈትቼ ያኖርኩት፣
ሌላውን ከጎርፍ ካተረፍኩት ማጉያ ያወጣሁት።
በጎናቸው ማኅተም፣ ፊደልና ቁጥር፤
ከዝገቱ በታች፣ በጥፍሬ ስጭር፣
መግቢያቸው ስምንት፤ መውጫቸውም ያው፤
ከአካሉ የሚነካው ገመድ፣ የማይነካው፣
አተኛኘቱ ሳይቀር፣ እንደ ተደፋ ገበታ፣ አፉ ወደ ታች።
አንድ ቁጥር ብቻ ይለያያል፣ የጅራቱ።
የኦርጋኑ ረጅም ነው። የጎርፉ አጭር።

«ኦስማሪኖ፣ ጣትህ ከክሩ ሲነሳ
ድምፁ ስንት ይቆይ? እስኪደክም? እስኪረሳ?»

ረጅሙን አንስቼ ነበር እኔ በልቤ፤
ሽማግሌ ሁሉ የቆየ ይወዳል ብዬ ነው ማሰቤ።
እሱ ግን ጣራዬን ሽቅብ አዳመጠ።
ብዙ አዳመጠ።

«የምጫወትበት አዳራሽ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤
ግድግዳው ቆርቆሮ፣ በሩም ቆርቆሮ ነው።
ያልኩትን ይደግማል፣ ሳልጠይቀው ቀድሞ።
ረጅም ከጨመርኩ፣ የፊቱ ዜማ ከኋለኛው ላይ ቆሞ
ይረግጠዋል። የምትደንሰው ሴት እግሯን የት ትጣል?
አጭሩን ስጪኝ፤ የቀረውን ቤቱ ያመጣል።»

ገጠምኩት። ሲበራ፣ ንብ የገባበት ይመስል፣
እምምም አለ። መውጫው ከትራንስፎርመሩ ሥር ነው።
ሣጥኑን ጫፍ ለጫፍ አዙሬ አሰርኩት፤
ንቡ ሄደ።
ኦስማሪኖ በርጩማ ስቦ ሦስት ድምፅ መታ፣
ሦስት ብቻ። ድምፁ እንደ ቡችላ
ከተረከዙ ሥር ትንሽ ተከተለውና ተቀመጠ።

ግማሹን ከፈለኝ፤ «ግማሹን ቅዳሜ» አለ።
የትኛው ቅዳሜ ብዬ አልጠየቅኩም።
የዣንደርን ሣጥን በጋዜጣ ጠቅልዬ
መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት፣ «ስድስት መቶ» ብዬ
ጽፌበት። አንድ ቀን በሩ የሚጠብለት ይመጣል።

ጋሪው ድንጋይ ሲመታ፣ ከሸራው ኋላ
ቀጭን ብረት ሲንሿሿ ሰማሁ።
ዝናቡ አባርቷል። ወንዙ እንደሆነ ሞላ።