ግራው ገጽ

ሚስተር ላቬል ቆሞ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
ሰማንያ ዓመት የሞላው መዝገበ ቃላት ፈልጎ፣
«ክብርት ሆይ» አለኝ፤ «ቤት ማለት ግንብ ነው፤
መሠረት ያለው፣ ጣራ የከደነው።
ሕገ መንግሥቱን የጻፉት፣ ያኔ «ቤት» ሲሉ
ጎማ አላሰቡም፤ ይህንን ያስተውሉ።»

ከኋላ ወንበር ላይ ዊኒ ሞን ተቀምጣ፣
እጇ ላይ የበር እጀታ፣ ተገንጥሎ የወጣ፤
እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ታመመ ልጅ
አቅፋው።

በየካቲት ንጋት፣ በቱዋም መንገድ ዳር፣
የአውራጃው ሹማምንት ሳያንኳኩ በር
ገብተው ነበር አሉ ከባለ ጎማ ቤቷ፣
ልጆቹ ሲባንኑ፣ ስትጮኽ እናቷ።
የፍርድ ቤት ፈቃድ?
አልያዙም። የያዙት ባትሪ ነው።

ማታ ብቻዬን ነኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ።
መዝገቡ ወፍሮ ጠረጴዛ ያዘ።
አየርላንድ ሕጓን በሁለት ልሳን ጽፋ፣
በቀኝ እንግሊዝኛው ይታያል ተሰልፎ፣
በግራ አይሪሽኛው። ሁለቱ ቢጣሉ
የግራው ይጸናል፤ እንዲህ ይላል ቃሉ።
ስንት ዓመት ስፈርድ ቀኙን ነው ያየሁት፤
ይፈጥናል፤ ትምህርት ቤት እሱን ነው የለመድሁት።
ዛሬ ግራ ገባኝ። ግራውን ገለጥሁት።

ቀኙ «አይደፈርም» ይላል የዜጋን መኖሪያ፤
እንደ ብረት መዝጊያ፣ እንደ ማስጠንቀቂያ።
ግራው ግን «ስሎን ነው» ይላል።
ስሎን፦
አንድም ሙሉ ነው፣ ስንጥቅ ያላገኘው ኩባያ።
አንድም ጤነኛ፣ ትኩሳት የለቀቀው።
አንድም ከማዕበል የተረፈ ጀልባ።
አንድም፣ ለሕግ ትምህርት ወደ ደብሊን ስሄድ
አባቴ ከበር ቆሞ ያለኝ ነው፦
ደኅና ሁኚ።

ጸሐፊዎቹ ይህን ሁሉ አስበው ነበር?
አላውቅም። ሙታን ችሎት አይቀርቡም፤
ቃላቸው ነው የቀረበው።

ደግሞ ፈራሁ። ቃሉ ሰፊ ነው ብዬ
ላስገባ የልቤን በጨርቅ ጠቅልዬ?
ያም ሳያንኳኩ መግባት ነው፤ ያም ባትሪ ጨብጦ
የተኛን ማስነሣት፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ።
ቃልም ቤት ነው ለካ።

ስለዚህ አንኳኳሁ።
ቆምሁ።
እስኪከፈት ድረስ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ አነበብሁ።
«መኖሪያ» ያለውም በግራው ሲፈተሽ
ሥፍራ ነው፤ ሰው አርፎ ነገን የሚጠብቅበት።
ግንብ አይልም።
ጎማም አይልም።

ጠዋት ፍርዱን አነባለሁ፤
ዊኒ ትመጣለች እጀታዋን ይዛ።
ፍርድ ብረት አይበይድም፤ አውቃለሁ።
ግን ሌላ ንጋት፣ ሌላ መንገድ ዳር፣ የሌላ ሹም እጅ
በሩ ላይ ቢያመነታ ለአንድ ትንፋሽ…

ሚስተር ላቬል ይግባኝ ይላል።
ይበል።