ጥርስ የሌለው ንክሻ

ከዳውጋቫ ማዶ፣ ካራተኛው ፎቅ ላይ፣
በረዶ ሲሸፍን የመስኮቷን ሰማይ፣
ቬልታ በሹካዋ ሰርዲን ታደቃለች፤
አጥንቱን በጥፍሯ አንድ ባንድ ትለቅማለች።

ትናንት ተነቀለ አሥራ አንድ ክፉ ጥርስ፤
ግማሽ ጡረታዋን ከፈለች ለሩዲስ።
«ለድመት ነው?» አላት ጎረቤቷ ኢልማርስ፤
ዝም ብላው አለፈች፣ ኪሷን ስትደባብስ።

ማታ የራሷም ጥርስ፣ ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ፣
ለብቻው ይስቃል በመብራቱ ፈክቶ።

መድኃኒቱን ልትሰጥ አፉን ስትፈለቅቀው፣
ባዶ ድዱን ገጥሞ ጣቷን አጣበቀው።
«ንከሰኝ» አለችው፣ «ያንተማ ምን ሊያመኝ!
ጥርስ ያለው ሰው ነበር ስቆ ያሳመመኝ።»

ሲነጋጋ ሩዲስ መስኮቱ ላይ ወጣ፤
አንዲት ርግብ አይቶ፣ ድድ ሳለ በቁጣ።