ዙሪያ ገጠም

በጥቅምት መባቻ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከመንደር፣
ማንሳናሬስ ድልድይ፣ ከወንዙ ዳር ነበር
ዳማሶ የቆመው፣ ከምርኩዙ ጋራ፤
ቀኝ ጉልበቱ ብረት፣ ግራው ኪሳራ።

አማቴ ነው እንዳልል፣ ከልጁ ጋር የነበረን ውል
ግንቦት ላይ ፈርሷል፤ አይደለም እንዳልል፣
ትናንት ማታ ደውሎ፣ እንደ ወትሮው ሁሉ ሰላምታ ቀንሶ፣
«ለአንድ ሩብ ጉዳይ» አለና ዘጋ ዳማሶ።

ስምንት ጥቅምት ሙሉ ሦስት ሆነን ዞረናል፤
ዘንድሮ ሁለት ነን። ቆጠራው ገብቶናል።
ማንም ስለ ቤጎኛ አንድ ቃል አልጠየቀ፤
ውኃዋን መሸከም የለመደ ትከሻዬ ብቻ ቅለቱን ዐወቀ።

ላ ፔድሪሳ ድንጋይ ነው፤ ሥሩም ጫፉም ድንጋይ፤
ክምር ነው፣ ድርብ ነው፣ ልውደቅ ብሎ ሰማይ
ጥግ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሐሳቡን የተወ።
አንዱ የራስ ቁር ደፍቷል፤ አንዱ በደረቱ ተኝቶ ያደምጣል፤
አንዱን መሐል ሆዱን ነፋስ በልቶት፣ እንዳፏጨ ቀርቷል።

ቢጫና ነጭ ቀለም፣ ጣት በሚያህል መስመር፣
ዓለት ላይ ይጠራናል፤ ደግሞ ይጠፋል ከሥር
ከጃራ ቁጥቋጦ፣ ሙጫው እጅ ከሚይዘው።
እየዳኽን ወጣን። መዳፌን ላጠው
ግራናይቱ፤ ሻካራ ነው፣ እንደ በሬ ምላስ።
ጠባብ ስንጥቅ ደረስን፤ ቦርሳ ካልወለቀ፣ ሆድ ካልተሳበ የማያሳልፍ።
ዳማሶ በጎኑ ገባ፤ መሐል ላይ ተቀረቀረ፤
«እኔ አልወፈርኩም» አለ ከውስጥ፣
«ዓለቱ ነው የጠበበው፤ ካቻምና እንዲህ አልነበረ!»

አርባ ዓመት ጠርቧል። የማድሪድ ጎዳና
ጠርዙ ከሱ እጅ ነው፤ ሰው ይረግጠውና
ያልፋል፤ ማን ሠራው አይልም።
እንደ ፈረስ ታፋ መታ መታ አደረገው ዓለቱን፦
«ደም ሥር አለው ይሄ። ደም ሥሩን ሳታውቅ ስትመታው ብትውል፣
መሮህ ነው የሚያልቀው፤ እሱ ምን ቸገረው?
ደም ሥሩን ካገኘህ ግን፣ በአንዲት ምት ይከፈላል፤
አይጮኽም። ሁለቱም ፊት ንጹሕ ነው።»
ዝም አልኩ። የሚያወራው ስለ ድንጋይ ነው።
መሰለኝ።

ከኮርቻው አናት፣ ጥንብ አንሳ ከበታቻችን ሲዞር፣
ብረቱ ጉልበት አመፀ። «እንመለስ» አልኩት፣ «ገና ብዙ ይቀር…»
«ስንት?»
«ዘጠኝ ኪሎ ሜትር።»
«ወደ ኋላስ?»
«ዘጠኝ።»
ሳቀ። «ዙሪያ መንገድ ሲጋመስ፣
መሸሽም መድረስም እኩል ነው» አለና፣ ዐይኑ እግሬ ላይ ሲደርስ፦
«ጫማህ ተፈቷል።»

በእሱ ቋንቋ ይህ ቃል ከጫማ አይዘልም፤
በኔ ግን እስረኛም፣ ሚስትም፣ እንቆቅልሽም፣ ሕልም
በዚሁ ግሥ ይፈታል። ልነግረው አሰብኩና
ከየትኛው ፍቺ እንደምጀምር ጠፋኝ።

«እግርህን እዚህ አውጣ» አለ፣ ወገቡ ልክ ካለ ድንጋይ ላይ።
ማጎንበስ አይችልም። ቆሞ፣ በዚያ ጥፍሩ በተሰነጠቀ ጣት፣
ጥርብ የሚጎትትበትን፣ በሬም የማይበጥሰውን ቋጠሮ
ሁለቴ አዙሮ አሰረልኝ።

ቁልቁለቱን ወረድን። አመሻሽ ላይ መንገዱ ራሱን ነከሰ።
«ዞሮ ዞሮ ከቤት» ይላሉ የኛ ሰዎች፤
እኛ ዞረን ዞረን ከድልድይ፤ የሱም ያልሆነ፣ የኔም ያልሆነ።
ዳቦውን ቆረሰ፤ ሦስት ቦታ። እጁ ለምዶ።
ሦስተኛዋን ቁራሽ አየናት።
ተካፈልናት።
«በመጪው ጥቅምት» አለ፣ «ለአንድ ሩብ ጉዳይ።»

ማታ ቋጠሮውን ብል ብል አልፈታ አለኝ፤
ቢላዋ አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩ፤
እግሬን መዝዤ ወጣሁ።
ጫማው ከበሩ ሥር አለ፣ እንደ ታሰረ።