የጆሮ ምስክር

የእሳት አደጋው መኪና ወጥቶ ዝናብ ላይ ቆመ፤
እኛ በቦታው ገባን፣ ጭቃችን ከናፍጣው ሽታ ጋር ታደመ።
አንሶላ ተወጠረ፣ ግድግዳው ላይ፣ በአራት ምስማር፤
ይኸው ነው የአቻኦ ሲኒማ፣ በቺሎዌ ደሴት፣ በቺሌ ዳር።

ፊልሙን አይደለም የምናየው። ፊልሙን ድሮ አይተነዋል፤
አውሮፓ ደርሶ ተመልሷል፣ ጋዜጣው አወድሶታል።
ይሄ የፊልሙ ጓዳ ነው።
የጓዳን ነገር ለእንግዳ አያወሩም፤
አንድ ከሳንቲያጎ የመጣ ልጅ ግን፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣
መዳፍ በምታክል ካሜራ ጓዳችንን ቀርጾ ኖሯል፤
እኛ የድግሱን ሳህን ስናይ፣
እሱ የእቃ አጣቢዋን ጣት።

ኦቲሊያ ማንሲያ ብቅ አለች፣ ፀጉሯ ገና ጥቁር፣
የአባቷን ቦቲ ተጫምታ፣ ኪሷ በተቀቀለ ድንች ተወጥሮ።
አዳራሹ ሳቀ። እሷም ከምድጃው አጠገብ፣ ሽበቷን በሻርፕ ሸፍና፣ ሳቀች።
«ገንዘቡ ከየት መጣ?» ይላታል ልጁ።
«ጀልባ ሸጬ።»
ሠላሳ ዓመት ዓሣ ያበላች ጀልባ
በጥሬ ፊልም ስትመነዘር
አርባ ደቂቃ ሆነች።
ሌላውን አርባ ከባለ ዳቦ ቤቱ ተበደረች፤
ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታው ወለድ ወለድ ይላል።

ከዚያ መጠበቅ። ግማሹ ዘጋቢ ፊልም መጠበቅ ነው፤
ዝናቡ እስኪያባራ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣
ሸራ ሥር ተኮራምተን፣ ካሜራው ብርድ ልብስ ለብሶ እኛ ሳንለብስ።
ብር አለቀ። መብራት ሠሪው ሄደ፤ ቀጥሎ ሹፌሩ።
ተስፋ ያልቆረጠች ሴት
ቀኑን ሙሉ «ቁረጡ!» እያለች ትጮኻለች።

እኔ? የለሁም።
ድምፅ ቀራጺ ነበርኩ፣
ረጅም ዘንግ ይዞ ከምስሉ ጠርዝ ውጭ የሚኖር ሰው።
አንዴ ብቻ፣ የዶኛ ኤድልሚራ ግድግዳ ላይ፣
የማይክራፎኔ ጥላ መንጋ እንደጠፋው ወፍ ያልፋል።
ልጄ ክንዴን ያዘችኝ፤ «አባባ፣ አንተ ነህ!»
አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ያ ጠጉራም ጥላ።

ከዚያ ሁሉም የሚያውቀው ቀረጻ መጣ፤
አሮጊቷ ደጃፏ ቆማ ባሕሩን ስታይ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ዝም።
«ባሕር ለበላቸው ሁሉ የቆመ ልቅሶ» ብለው ጽፈውላታል።
የልጁ ካሜራ ግን ከጎን ነውና አጥሩን ያሳያል፣
አጥሩ ላይ የተሰጣ ሱፍ፣ ከሱፉ በላይ ደመና፤
ኦቲሊያ «ቁረጡ» ከማለቷ
አሮጊቷ ሮጣ ሱፏን ሰበሰበች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።
የእሳት አደጋው አዛዥ እንባውን በቆቡ ጠረገ።
«አውቅ ነበር» ትላለች አንሶላው ላይ፣ ወጣቷ ኦቲሊያ፣
«ስለ ሱፏ ነው የምታስበው። ሰው ባሕር ሲያይ ሌላ ምን ያስባል?»

እኔ አልሳቅሁም።
ያን ቀን አሮጊቷ ጆሮዬ ውስጥ ነበረች፤
ዓይን ደጅ ቆሞ ይቀራል፣ ጆሮ ግን እልፍኝ ይገባል።
ሦስተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል፣ ከንፈሯ ሳይላወስ፣
«ሊሳንድሮ፣ ሱፉን አንሣው፣ ሊዘንብ ነው» አለች።

ሊሳንድሮ ከዓሣ አደን ከቀረ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ።

ማታ፣ በሻማ፣ ቴፑን መለስኩና አጠፋሁት።
«ንፋስ አበላሸው» አልኳት፤
ከሌላ ቀን ንፋስ ቆርጬ ለጠፍኩላት።
ለሟች የተላከ ሰው ትእዛዝ ትኬት አይቆረጥበትም ብዬ ነው?
ወይስ ፈርቼ? እስካሁን አልለየሁም።

መብራት በራ። የኤድልሚራ የልጅ ልጅ ወንበር እያጠፈ
«አያቴ አስቂኝ ነበረች፣ አይደል?» አለኝ።
«በጣም» አልኩት።

ውጭ ዝናቡ አላባራም። ሞተሩ እምቢ ብሎ
መኪናውን ወደ ቤቱ ስንገፋ፣
ኦቲሊያ ትከሻዋን ከትከሻዬ አጠገብ ደገፈች።
«ያን ቀን ንፋስ አልነበረም» አለችኝ።
ትንሽ ገፋን።
«ሱፉ አይነቃነቅም ነበር። ዛሬ ነው ያየሁት።»