አንድ ምላጭ

ምላጩ የሚያድረው በግድግዳው ስንጥቅ፣
በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ ጥብቅ።
ቅዳሜ አመሻሽ አባቴ ያወጣል፣
በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣
"ገና ነው፣ ይቆርጣል።"

መጀመሪያ አገጩን፣ ከዚያ የእንየውን ጠጉር፣
ከዚያ የስጦታውን፣ ከዚያ የእናቴን ጥፍር፤
እኔ መጨረሻ፣ ከጉልበቱ መሃል፣
እጄን እሰጣለሁ፣ ጣቴ ይንቀጠቀጣል።
ጠብ ያለች ደም ቢያይ ምራቁን ይቀባል፤
"የቤት ደም ነው ልጄ፣ የቤት ደም ምን ያደርጋል?"

ወፍን እናውቃታለን እኛ የሳሙና በር ሰዎች፦
በሌሊት በጣራ ላይ ትከንፋለች፣
ሽንቷ የነካው ሰው ዓይኑ እርድ ይመስላል።
አያቴን የወሰደችው እሷ ናት፣
ሆዱ እንደ እንስራ ሞልቶ።
ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት
ጀምበር ሳትገባ ነው መስኮት የሚዘጋው።

አዘዞ መንገድ ላይ የጥሩሰውን ልጅ ባጃጅ የገጨው ለት፣
እንየው ደም ሊሰጥ ቀድሞ ተሰለፈለት።
ሰንብቶ ተደወለ፤
"ደምህ ለሰው አይሆንም። ብቻህን ና" ተባለ።

ብቻውን? ቤት ሙሉ ነው የሄድን፣
ባንድ ባጃጅ ታጭቀን።
ሲስተር አዛለች ሣለችን፦ ለሴት ክብ፣ ለወንድ ሳጥን፣
በመስመር አጋጠመችን።
የዘር ሐረግ መስሎኝ ኮራሁ እንደ ባላባት፤
ከዚያ ቀይ እስክሪፕቶ አነሣች፣
አንዱን ቀባች፣ ሌላውን ቀባች፣
አባቴን፣ እናቴን፣ እንየውን፣
ስጦታውን እንኳ፣ የወተት ጥርሱ ያልረገፈውን።

"ከማን ተነሣ?" አለ አባቴ።
እናቴ ሆዷን በነጠላዋ ሸፈነች፣
የተጠየቀች መሰላት።
ሲስተር ግን "ዱካ አትፈልጉ" አለች፣
"በወሊድ ይሁን፣ በአልጋ፣ በስለት፣
ወፍ ዱካ የላትም።"

እኔ ብቻ ነጭ ክብ።
ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርኩ።
ለምን እንደዘለለችኝ እኔም ሲስተርም አላወቅንም፤
ክንዴን ወግታ፣ "ሁለት መርፌ ይቀርሻል" አለችኝ።

ቤት ስንመለስ ስንጥቁን አየሁት።
ለካ ጣራ ጣራውን ስናይ ስንት ዘመን፣
ጎጆዋን የሠራችው እዚህ ነው፣ ከትራሳችን ጎን፣
እኛው በዘይት ወረቀት አልብሰን።

አባቴ ስንጥቁን በጭቃ ደፈነ።
ከፒያሳ አምስት ምላጭ ገዛ፤
ፊደል ስለማይለይ በየማኅደሩ ክር አሰረ።
የእኔ ሰማያዊ ነው።

ቅዳሜ አመሻሽ ጥፍሬን ሲቆርጥ ሳተ፤
አንዲት ደም ጠብ አለች፣ የምስር ፍሬ የምታህል።
ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ፣
ሳይደርስ አቆመው፣
አየኝ።
ከዚያ ጣቱን ቀስ አድርጎ፣
እንዲያው በደረቁ፣
ሱሪው ላይ ጠረገው።